ያልተለቀመችው ቅርንጫፍ

ጋሽ አጎበርን በዚህ ስም የጠሩት እናትና አባቱ አይደሉም። ከዘጠኝ ዓመት በፊት አራት መቶ የቅርንፉድ ችግኝ በእንጨት ሣጥን ታሽጎ ከባሕር ማዶ ሲመጣ፣ ለጥላ የታዘዘው መረብ አብሮ አልመጣም። የት እንደቀረ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። የቅርንፉድ ችግኝ ደግሞ ገና ጨቅላ ሳለ የቀትር ፀሐይ ካገኘው ቅጠሉ እሳት እንደነካው ወረቀት ተጠቅልሎ ይቀራል። ሰውየው አንድ ቀን ታገሠ፣ ሁለት ቀን ታገሠ፤ በሦስተኛው ቀን ክፍሉ ገብቶ የአልጋውን አጎበር ፈታና አራት እንጨት ተክሎ ወጠረው። ከሥሩ ማስገባት የቻለው ስልሳ ሁለት ችግኝ ብቻ ነበር። የቀሩት ደረቁ፣ ስልሳ ሁለቱ ተረፉ። እሱ ራሱ ግን ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ወባ ጥሎ አንዘፈዘፈው። የጣቢያው ጸሐፊ ልትጠይቀው መጥታ ራስጌው ላይ ቆመችና፣

«ቆይ፣ ችግኝ ወባ ይይዘዋል ያለህ ማነው?» አለችው።

እየተንቀጠቀጠ ሳቀ። በዚያው አጎበር ሆኖ ቀረ። ሃምሳን ሲያልፍ «ጋሽ» ተጨመረለት እንጂ ስሙስ አልተለወጠም።

ነገሩ የተጀመረው በሻይ ነው። በየሱቁ፣ በየሻይ ቤቱ የምትገኘው ቅርንፉድ አንዷም ሳትቀር በመርከብ የምትገባ ናት። አንድ ዓመት መርከቡ ዘገየ፤ ቅርንፉድ ከገበያ ጠፋችና ሰው ሁሉ ሻዩ ሻይ አልሆንለት አለ። የጥርስ ሕመምተኛው ሳይቀር ተቸገረ። ይሄኔ ዋናው መሥሪያ ቤት «እስከ መቼ የሰው እጅ እያየን? እዚሁ እናብቅላት» አለና ሙቀትና ዝናብ የማይጠፋበት ቆላ ተፈልጎ ይህ ጣቢያ ተከፈተ። ጣቢያ ይባል እንጂ ሦስት ክፍል ቆርቆሮ ቤት፣ አንድ የውሃ ማጠራቀሚያ ጋን፣ ዙሪያውን የሽቦ አጥርና አንድ የብረት በር ነው። ከበሩ ውጭ አስፋልት አለ። አስፋልቱ ላይ በየጧቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ወደ ደጋው ከተማ የሚሄደው አውቶቡስ ያልፋል።

ያን አውቶቡስ ጋሽ አጎበር በድምፁ ያውቀዋል። ወደ ሚስቱ የሚሄደው እሱ ነዋ።

ሚስቱ መምህርት ናት። መጀመሪያ አብራው መጥታ እዚሁ ሁለት ዓመት ኖራለች። የልጃቸው ደረት ግን የቆላውን እርጥበት አልቻለም፤ ሌት ተቀን ትታፈን ጀመር። ሐኪሙ «ይቺን ልጅ ወደ ብርድ አገር ውሰዷት» ሲል መምህርቷ አላመነታችም። አስተማሪ የማይፈለግበት አገር የለምና ዝውውሯ በአንድ ወር አለቀ። እሱ በሦስት ወር ውስጥ ሊከተላት ተስማሙ። ይህ ከተባለ ሰባት ዓመት ሆነ። ልጅቷ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ አሁን በስልክ «አባዬ፣ ቁመቴ እማዬን አለፈ» ትለዋለች። ስልኩ የሚሠራው ደግሞ አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ ውሃ ጋኑ አጠገብ፣ የሲሚንቶው መደብ ላይ ተወጥቶ። ከመደቡ ጎን አንድ የቅርንፉድ ዛፍ አለ። ሰባት ዓመት ሙሉ ትዳሩን የያዘው ያን ዛፍ ተደግፎ ነው።

አልጋው ሥር ሻንጣ አለ። ሻንጣው ውስጥ ሚስቱ ለደጋው ብርድ የገዛችለት የሱፍ ኮት አለ፤ አንድም ቀን አልተለበሰም። በወር አንድ ጊዜ አውጥቶ ፀሐይ ያስመታዋል፣ ሻጋታውን በብሩሽ ያራግፋል፣ አጣጥፎ ይመልሰዋል። ጸሐፊዋ ኮቱን ገመድ ላይ ባየችው ቁጥር «እንግዳህ መጣ?» ትለዋለች።

ዝውውር ሳይጠይቅ ቀርቶ አይደለም። ሦስት ጊዜ አመልክቷል። በመጀመሪያው «ችግኞቹ ሥር ይስደዱ» ተባለ። ሥር ሰደዱ። በሁለተኛው «ሌላ ሰው እስኪሠለጥን» ተባለ፤ የሚሠለጥን ሰው ግን አልተላከም። በሦስተኛው ሥራ አስኪያጁ ማመልከቻውን ተቀብሎ ኅዳጉ ላይ በራሱ እጅ «ከመጀመሪያው ምርት በኋላ ይፈጸምለት» ብሎ ጻፈና ፈረመ። ጋሽ አጎበር ያን ወረቀት አጣጥፎ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። ከዚያ ወዲህ የሚጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፣ እምቡጥ።

እምቡጡ በዘጠነኛው ዓመት መጣ። መጀመሪያ ነጣ ያለ፣ ከክብሪት እንጨት የማይበልጥ ነገር በየቅርንጫፉ ጫፍ በዘለላ በዘለላ ብቅ አለ። ከዚያ አረንጓዴ ሆነ። ጋሽ አጎበር የሚቀጥለውን ያውቃል። ከችግኞቹ ጋር መጥቶ ዐሥር ቀን ብቻ የቆየ አንድ ባዕድ ሽማግሌ ገበሬ ነበር፤ ቋንቋ ስላልነበራቸው ሁሉንም ያስተማረው በእጁ ነው። ሽማግሌው አንድ የደረቀች ቅርንፉድ መዳፉ ላይ አስቀምጦ ራሷ ላይ ያለችውን ድቡልቡል ነገር አሳየው፤ ጡጫውን ጨብጦ ወደ አፍንጫው አስጠግቶ በደስታ ዓይኑን ጨፈነ። ቀጥሎ ጡጫውን እንደ አበባ ፈታውና አሽትቶ፣ ፊቱን አኮሳትሮ፣ ወደ ኋላው ወረወረ። ትምህርቱ ይኸው ነው። ቅርንፉድ ማለት ያልፈነዳ እምቡጥ ነው። ቀላ ሲል፣ ሊፈነዳ ሲል፣ በዚያ በጥቂት ቀን ውስጥ ካልተለቀመ ሽታው ይሄዳል፣ የሚቀረው እንጨት ነው።

እምቡጡ ጫፉ ላይ ቅላት ባሳየ በሁለተኛው ቀን ሥራ አስኪያጁ አስጠራው። ሥራ አስኪያጁ ወጣት ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ፈሪ ነው። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ይቆልፋል፣ በዚያ ሙቀት።

«ጋሽ አጎበር፣ ጥሩ ዜና አለኝ። ዋናው ኃላፊ ራሳቸው ሊመጡ ነው። ዛፎቹን በአበባ ማየት ይፈልጋሉ። ፎቶ አንሺም አብሯቸው አለ።»

«በምን ማየት?»

«በአበባ። እስከዚያ ማንም አንድ እምቡጥ እንዳይነካ። ማስታወቂያ ይለጠፋል።»

«ጌታው፣ ቅርንፉድ አበባ ከሆነ እኮ ቅርንፉድ አይደለም። የሚለቀመው ሳይፈነዳ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶውን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠ። «አውቃለሁ። አሁን ነው ያወቅሁት፣ መጽሐፉን ሳገላብጥ። እኔ ግን 'ዛፎቻችን ሊያብቡ ነው' ብዬ ጽፌያለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሲጠብቁን ለኖሩ ሰዎች 'ባያብቡ ይሻላል' ብዬ ልጻፍ?»

«ይጻፉ።»

«ለእርስዎ ቀላል ነው።»

«የእኔ ዝውውርስ? 'ከመጀመሪያው ምርት በኋላ' ያሉት እርስዎ ነዎት። ከፈነዳ ምርት የለም።»

«የሚቀጥለው ዓመት አለ እኮ ጋሽ አጎበር» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ የሚያጽናናው መስሎት።

ጋሽ አጎበር ከቢሮ ወጥቶ ዛፎቹ መሀል ቆመ። የሚቀጥለው ዓመት ሲባል ሲሰማ ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። ነገሩን እንደ ሽቦው አጥር ዞረው። ቢለቅም ትእዛዝ ጥሷል፤ ትእዛዝ የጣሰ ሠራተኛ ዝውውር አያገኝም። ባይለቅም ምርት የለም፤ ምርት ከሌለ ደግሞ ዝውውር የለም። በየትኛውም ቢሄድ የሚደርሰው እዚያው ብረት በር ላይ ነው።

እንግዳው ሰኞ ይመጣሉ ተባለ። ሰኞ ቀረና ሐሙስ ሆነ። ሐሙስ ግቢው ተጠረገ፣ ጋኑ በኖራ ተቀባ፣ ሥራ አስኪያጁ ክራቫት አሰረ። ስድስት ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለ፣ «ስብሰባ ይዟቸዋል፣ በሚቀጥለው ሳምንት።» እምቡጡ ግን ስብሰባ የለበትም። ዓርብ ዕለት ስልሳ ሁለቱም ዛፎች ጫፋቸው እንደ ፍም ቀልቶ ዋለ። ቅዳሜ ጧት ጋሽ አጎበር ሲዞር በደቡቡ በኩል ሦስት እምቡጥ ፈንድቶ አገኘ። ነጫጭ ጭራቸውን ዘርግተዋል። ያማሩ ነበሩ። ቀጥፎ አሸተተና እንደ ሽማግሌው ወደ ኋላው ወረወራቸው።

መደቡ ላይ ወጥቶ ለሚስቱ ደወለ።

«ፈነዱ?» አለችው ገና ሰላም ሳይባባሉ።

«ሦስት።»

«ስንት ቀን አለህ?»

«ነገ። ቢበዛ ከነገ ወዲያ።»

ከኋላዋ የልጃቸው የሙዚቃ ድምፅ ይሰማል። «እኔ ልቀም አልልህም፣ አትልቀምም አልልህም» አለች። «አንድ ነገር ግን ልንገርህ፤ ዘንድሮ ቀኑን መቁጠር ትቻለሁ። ስቆጥር ነው የሚያመኝ።»

እሁድ ቢሮ ዝግ ነው። ሥራ አስኪያጁ ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ቤተሰቡ ሄዷል። ጋሽ አጎበር ፀሐይ ገና ሳትጠና መሰላሉን ተሸክሞ ሲወጣ ጸሐፊዋን ጓሮ በር ላይ አገኛት። ባልዋ የሞተባት፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት ናት፤ አጥሩ ግርጌ ትኖራለች። ነጠላ ጫማዋን አውልቃ፣ ሻሽዋን አጥብቃ፣ ግቢውን በቀን ሥራ የሚያርሙትን አራት ሴቶች ከኋላዋ አስከትላለች።

«ምን ፈለግሽ?»

«መሰላሉን ልያዝልህ ነው። ከዛፍ ወድቀህ ብትሞት ደብዳቤውን የምጽፈው እኔ አይደለሁ?»

«ማስታወቂያውን አላየሽም?»

«የጻፍኩት እኔ፣ ማኅተም የመታሁት እኔ» አለች። «'ማንም ሰው' ነው የሚለው። ሴት አይልም።»

የአረም ሴቶቹ ሳቁ። ሥራው ተጀመረ። ዘለላውን ከነአንገቱ ቀንጠስ፣ ቅርንጫፉ እንዳይሰበር ጎንበስ አድርጎ፣ ቅርጫት ውስጥ። ሞልቶ ሲወርድ ሴቶቹ ዘለላውን መዳፋቸው ላይ አሽተው እምቡጡን ከእንጨቱ ይለያሉ። እጃቸው ተቃጠለ፤ ሽታው ዓይን ያስለቅሳል። ከሴቶቹ አንዷ «ዘመዴ ሞቶ እንኳ እንዲህ አላለቀስኩም» ብላ ሌሎቹን አንከተከተቻቸው። ጋሽ አጎበር ከዛፍ ዛፍ ሲዘል እንደ ሃያ ዓመት ጎረምሳ ነበር። ዐሥር ሰዓት ላይ አንድ ዛፍ ቀረ፣ ከጋኑ አጠገብ ያለው።

እሱንም ለቀመው። ወደ አጥሩ የዞረችው የመጨረሻዋ ቅርንጫፍ ላይ ሲደርስ ግን እጁን ዘረጋና እዚያው ተወው። ዘጠኝ ዓመት ያሳደገውን ዛፍ አብቦ አላየውም፤ ከዛሬ በኋላም አያየውም። ደግሞ ሌላ ነገር ነበር፤ የቅርንፉድ ዘር ደርቆ በጆንያ አይመጣም። የሚገኘው ከበሰለ ፍሬ ነው፣ ፍሬው ከአበባ። ሁሉም ከተለቀመ እነዚህ ስልሳ ሁለት ዛፎች ልጅ የሌላቸው ሆነው ሊቀሩ ነው፤ ለሌላ ችግኝ እንደገና መርከብ ሊጠበቅ ነው።

«ምነው ቆምክ?» አለች ጸሐፊዋ ከታች።

«ይቺ ለእንግዳው ትቅር። አበባ አይደል የፈለጉት።»

ጸሐፊዋ ቀና ብላ ፊቱን አየችው። እስኪወርድም መሰላሉን ያዘችለት።

ሰኞ ጧት ሥራ አስኪያጁ በብረቱ በር ገብቶ ዛፎቹን ሲያይ ክራቫቱን ፈታ። አልጮኸም። ጥላው ሥር አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና «ጨረሱኝ» አለ፤ ለጋሽ አጎበር ይሁን ለራሱ አልታወቀም። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አጽፎ ሰጠው። ጸሐፊዋ ስትጽፈው አንድም ፊደል አልሳተችም። እምቡጡ ግን ሸራ ላይ ለፀሐይ ተሰጥቶ ነበር፤ ሥራ አስኪያጁም ቢሆን አንሱት አላለም። አራት ቀን ሙሉ ጋሽ አጎበር ደመና ሲመጣ እየሰበሰበ፣ ሲገለጥ እየዘረጋ፣ በእግር ጣቱ እያገላበጠ ዋለ። ቅላቱ ወደ ቡኒ ተለወጠ። በአምስተኛው ቀን አንዷን አንስቶ ሰበራት፤ ቀጭ አለች።

ኃላፊው የመጡት በዚያው ቀን ነው። አጠር ያሉ፣ ባርኔጣ የደፉ፣ መሐረብ ከእጃቸው የማይለይ ሰው ናቸው።

«አበባው የታለ?» አሉ፣ ዙሪያውን አይተው።

ሥራ አስኪያጁ ወደ ጋሽ አጎበር ዞረ።

«ተለቅሟል» አለ ጋሽ አጎበር።

«ማን አዘዘ?»

«ማንም አላዘዘም። ጊዜው ደርሶ ነው።»

ጸሐፊዋ ይሄኔ አንድ ሰሐን ቅርንፉድና አንድ ብርጭቆ ውሃ ይዛ መጣች። «ከመቆጣትዎ በፊት አንዴ ያሽትቱልን፣ ጌታዬ» አለች። ኃላፊው አሸተቱ። መሐረባቸውን ኪሳቸው ከተው እንደገና አሸተቱ። ጋሽ አጎበር አምስት ፍሬ አንስቶ ብርጭቆው ውስጥ ጣለ። አምስቱም ራሳቸውን ወደ ላይ አድርገው ቀጥ ብለው ቆሙ። «የረከሰች ብትሆን ጎኗን ሰጥታ ትንሳፈፍ ነበር» አለ። ኃላፊው ብርጭቆውን ከፍ አድርገው ወደ ብርሃን አዩትና ሳቁ። ሥራ አስኪያጁ ትንፋሹን ለቀቀ። ፎቶ አንሺው ብርጭቆውን ፎቶ አነሳው። በዚያች ደቂቃ ሁሉም ነገር ለጋሽ አጎበር የተከፈተ መሰለ፤ ምርቱ እዚያው ሰሐን ላይ ነው፣ ወረቀቱ ኮቱ ኪስ ውስጥ ነው፣ አውቶቡሱ ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ያልፋል።

ኃላፊው ወደ መኪናቸው ሲመለሱ ጋኑ አጠገብ ቆም አሉ። ቅርንጫፏ ሙሉ በሙሉ ፈክታለች፤ ንብ ከቧታል።

«ያቺስ?»

«ለጌጥ ናት» አለች ጸሐፊዋ ፈጥና።

ኃላፊው ራሳቸውን ነቅንቀው ሊያልፉ እግራቸውን አነሱ። ጋሽ አጎበር ዝም ቢል አልፈው ነበር። ጸሐፊዋ የጫማውን ጫፍ ረገጠችው። እሱ ግን ዘጠኝ ዓመት የሚጠይቀው ሰው አላገኘም ነበር።

«ለጌጥ አይደለም» አለ። «ለዘር ናት።»

ከዚያ ማቆም አልቻለም። ፍሬው በስድስት በሰባት ወር እንደሚበስል፣ መልኩ ወይን ጠጅ እንደሚሆን፣ ከተለቀመ አንድ ሳምንት እንኳ እንደማይቆይ፣ ልጣጩ ተፈልፍሎ እርጥቡን በጥላ መዘራት እንዳለበት፣ አንድ በአንድ ነገራቸው። እጁ ሳይታወቀው ጡጫ እየሆነ፣ እየተፈታ፣ ሽማግሌው እንዳስተማረው። ኃላፊው ባርኔጣቸውን አውልቀው ሰሙት።

«ታዲያ ችግኙንም ከውጭ ማምጣት ይቀራል ማለት ነው?»

«ይቀራል።»

«ይሄን የሚያውቅ ሌላ ሰው አላችሁ?» አሉ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረው።

ሥራ አስኪያጁ ጋሽ አጎበርን አየ፤ መሬት አየ። «የለንም» አለ። ለአንድ ጊዜ እንኳ እውነቱን ነበር።

መኪናው ሲወጣ ጸሐፊዋ ሰሐኑን እንደያዘች ቆማ፣ «ለጌጥ ናት ብዬልህ ነበር» አለችው። ቀልድ አልነበረበትም።

የዝውውሩ መልስ ስድስት ወር ፈጀ። ስድስቱን ወር በሙሉ ጋሽ አጎበር ለራሱ እንዲህ ይል ነበር፦ ምርት ብለዋል፣ ምርት ሰጥቻለሁ፣ የተፈረመ ወረቀት አለኝ። ኮቱን በየወሩ አወጣ፣ አራገፈ፣ መለሰ። ፖስታው ሲመጣ ጸሐፊዋ ከፍታ አንብባ ወደ እሱ ክፍል ድረስ በእግሯ መጣች፤ ደብዳቤ ይዛ መጥታ አታውቅም። የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ ተሰርዟል። የዝውውር ጥያቄው «ጣቢያው ካለው አስፈላጊነት አንጻር» አልተፈቀደም። ጋሽ አጎበር የዘር ክፍል ኃላፊ ሆኖ ተሹሟል። ክፍሉ ውስጥ ከእሱ ሌላ ሰው የለም።

«እንኳን ደስ ያለህ ልበል?» አለች ጸሐፊዋ።

«በይ፣ ይሁን።»

«አልልም» ብላ ወጣች።

በማግስቱ ጧት ወፎች መጡ። ቅርንጫፏ ላይ ያሉት ፍሬዎች መጥቆር ጀምረዋል፤ ሁለቱ ተወግተው መሬት ወድቀዋል። ጋሽ አጎበር በእጁ አባረራቸው፤ ሄዱና አጥሩ ላይ ተደርድረው ጠበቁት። ወደ ክፍሉ ሄደ። ሲመለስ አጎበሩን በክንዱ ታቅፎ ነበር። መደቡ ላይ ወጥቶ ቅርንጫፏን ከጫፍ እስከ ሥር አለበሳት፣ ጠርዙን በሲባጎ አሰረ። ሲባጎውን ሲያጠብቅ ስልኩ ጮኸ።

«ሰማሁ» አለች ሚስቱ። ጸሐፊዋ ደውላላት ነበር። «አንድ ቅርንጫፍ ተውክ አሉ።»

«ተውኩ።»

«ማንም ሳያዝህ?»

«ማንም ሳያዘኝ።»

አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለው ነበር። «ስታገባኝም እንዲሁ ነበርክ» አለች። «ልጅቷ ኮቱን ላክልኝ ትላለች። ቁመቷ ደርሷል፤ ከሚሻግት ትልበሰው።»

«እልከዋለሁ። በነገው አውቶቡስ።»

«ዝናብ ጀምሯል እናንተ ጋ?»

«ትናንት ጀመረ።»

«እንግዲያው ትንኙ መጥቷል። እንደ ፊቱ እንዳታደርግ፣ አጎበርህን እንዳትፈታ።»

ጋሽ አጎበር ቀና አለ። ነጩ አጎበር ቅርንጫፏ ላይ በነፋስ ገባ ወጣ ይላል። ወፎቹ አጥሩ ላይ ናቸው። አውቶቡሱ ከበሩ ውጭ እያጓራ አለፈ።

«እሺ» አላት።